ሳይላኩ የመጡ ሽማግሌዎች

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። ጳጉሜን ገብቷል። ለቀናት ሲዘንብ ከርሞ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሶዶ ላይ ፀሐይ ወጣች። ወፍራም ብርድ ልብስ ውሃ ከጠጣ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዘን ፊት ለፊት ቆምን፤ ሁለታችንም ወደ ቀኛችን አዞርን። ብርድ ልብሱ እየተጠማዘዘና እያጠረ ሲሄድ እኛንም ወደ መሀል ሳበን። ውሃው እግራችን ላይ ወረደ።

«ዘንድሮ ለጊፋታ በምን እንሂድ?» አለኝ ጫፉን እንደያዘ።

«በመኪና ነዋ።»

«እኔ በአውቶቡስ ነኝ።»

«መኪናውን ታዲያ ማን ይነዳልኛል?»

«እሱን ቀድመሽ ማሰብ ነበረብሽ፣ የኔ እመቤት።»

ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ሰምታ «ደግሞ ጀመራችሁ?» አለች። ይህን ክርክር ለሃያ ዓመት ያህል፣ መስከረም በተቃረበ ቁጥር ተከራክረነዋል። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው። ያን ሰሞን ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ወደየተወለደበት ገጠር ይገባል፤ ሶዶ ባዶዋን ትቀራለች። እኛ የምንሄደው ከገሱባ ወዲያ፣ አባቴ ቤት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ደረቱን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኦቶና ሆስፒታል አደረስነው። ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ይዘን ተመለስን።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደብተሩን ከፍቼ እዘጋዋለሁ። ስለ ማክሰኞው ብዙ የምለው የለኝም። ልጽፍ የተነሣሁት ክርክሩ ስለ ተጀመረበት ዓመት ነው፤ ሁለታችን አብረን ካሸነፍንባቸው ቀናት ትልቁ የዚያ ዓመት ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሶዶ ገና በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ናት። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እሱ የአንድ ስልጤ ጅምላ ነጋዴ ሾፌር ነው፤ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በፒካፕ ጭኖ እስከ ቤሌና እስከ ገሱባ ያደርሳል። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፤ ልጆቻችን ገና አልተወለዱም።

በእነዚያ አምስት ዓመታት አባቴ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ገበታ ቀርቦ አያውቅም ነበር።

አባቴ ገበሬ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ሰውም ቃሉን እንዲያጥፍበት የማይፈልግ ሰው። ወይፈን ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ያሰበልኝ ባል አስተማሪ ነበር፤ ካልሆነም የጤና ረዳት። እኔ ሾፌር መረጥኩ። «ሾፌር ዛሬ እዚህ ያድራል፣ ነገ እዚያ ያድራል። የት እንዳደረ ማን ይመሰክርለታል?» ነበር የአባቴ ነገር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። የመጀመሪያዎቹን አባቴ በክብር አነጋግሮ ሸኛቸው። ሁለተኞቹን ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መለሳቸው። እኔም ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበርና፣ ሶዶ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ምስክር አቁመን ፈረምን። አባቴ ይህን ሲሰማ ለእናቴ «ከዚያ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን አልበላም» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልተናገረም።

ለጊፋታ ብቻዬን በአውቶቡስ እሄድ ነበር። አባቴ ሰላምታዬን ይቀበላል፤ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቀኛል፤ ስለ ባሌ አንድ ቃል አይወጣውም። ባለቤቴ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ሰው ስለሆነ የሚገባበት ገጠር የለውም። ሰው ሁሉ አገሩ ሲገባ እሱ ድንች ቀቅሎ ከነጋዴው ዘበኛ ጋር ይበላል። ስመለስ «እንዴት ዋላችሁ?» ይለኛል እንጂ አያማርርም። እኔን የበላኝ እሱ ነው፤ አለማማረሩ።

በስድስተኛው ዓመት «ዘንድሮ እኔም እመጣለሁ» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ቢያባርርህስ?»

«ያባርረኝ። ካልሄድኩ ግን እንዴት ያባርረኛል?»

በምን እንሂድ የሚለው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ነጋዴው፣ ሁላችንም ሐጂ የምንለው ሰው፣ ፒካፑን አውሶት ነበር። «በጊፋታ ሶዶ ላይ ስኳር የሚገዛኝ ወላሂ አንድ ሰው የለም። ቆማ ከምትውል ውሰዳት፤ ሚስትህን ተሸክመህ አትሂድ» ብሎታል። እኔ እግዚአብሔር የላከልን መስሎኝ ደስ አለኝ። ባለቤቴ አልፈለገም።

«ዓመቱን ሙሉ መሪ ይዤ እውላለሁ። በበዓሌ እንኳ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ» አለ። ከዚያ ጠለቅ ያለውን ነገር አወጣው። «ደግሞ አባትሽ የሚጠላው ሾፌርን ነው። ደጁ ድረስ መኪና እየነዳሁ ልድረስበት? በእግሬ እንደ ማንኛውም አማች ልሂድ። አውቶቡስ ገሱባ ካደረሰን የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ቢያባርረን እንኳ መመለሻ የለንም፤ በዋዜማ ሰው ውጭ አያሳድርም። የግዱን ያስገባናል።»

የእኔ ሐሳብ የዚህ ግልባጭ ነበር። ከገሱባ እስከ አባቴ ደጅ በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በዚያ መንገድ ላይ የማያውቀኝ ቤት የለም። «ቢያባርረን» አልኩት፣ «ያን ሁሉ መንገድ ዕቃዬን ተሸክሜ፣ በእያንዳንዱ ደጅ ‘ምነው ተመለሳችሁ?’ እየተባልኩ ልመለስ? አልችልም። መኪና ካለን ወዲያው አዙረን እንጠፋለን። ማንም ፊቴን አያየውም።»

«መሸሻ ይዘሽ ነው የምትሄጂው ማለት ነው።»

«አዎ፣ መሸሻ ይዤ ነው።»

ለሁለት ቀን ተከራከርን። እሱ በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ከናዝሬት እስከ ድሬዳዋ በባቡር ተጉዟል፤ እሱን አነሣልኝ። «በእኛ በኩል ባቡር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ነበር። ባቡር ምኑ ደስ ይላል ብትዪኝ፣ መንገድ ዳር እጁን የሚዘረጋ ሰው የለም። እኔ በቀን መቶ ሰው አልፌ እሄዳለሁ። ዕቃ ስጭን ሰው እንዳላሳፍር ተነግሮኛል። እርጉዝ ሴት አልፋለሁ፤ ሽማግሌ አልፋለሁ። ማታ ስተኛ የሚታየኝ የእነሱ እጅ ነው።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

በመጨረሻ ተሸነፈልኝ። «እሺ፣ በመኪና ይሁን። ግን አንድ ነገር እወቂ። በበዓሌ እጁን የዘረጋ ሰው አልፌ አልሄድም።»

«ስንት ሰው ይኖራል ብለህ ነው?» አልኩት። ስለ ዋዜማ ቀን ይህን የጠየቅኩ እኔ ነኝ፤ ያውም የዚሁ አገር ልጅ።

ጠዋት ለእናቴ ሳሙናና ስኳር፣ ለአባቴ አዲስ ነጭ ጋቢ ይዘን ተነሣን። ጋቢውን በላስቲክ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ጥሩ ቀሚሴን ለብሻለሁ። በመናኸሪያው በር ስናልፍ ሰው አውቶቡስ ላይ በመስኮት ሲወጣ አየሁና «አየህ?» አልኩት። እሱ ግን መንገዱን ነበር የሚያየው። ከተማውን ሳንለቅ ቆመ።

ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስራ የያዘች ግዙፍ ሴትዮ ነበረች። ከኋላ እንድትወጣ ብንረዳት ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። «ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ የምወጣው መንግሥተ ሰማያት ብቻ ነው» አለች። እኔ ወርጄ ከኋላ ወጣሁ፤ እሷ ከነዶሮዎቿ ጋቢና ገባች። ትንሽ ሄደን አንድ ቆርቆሮ የያዘ ሰው ተሳፈረ። ቀጥሎ ከበሮ የያዙ አምስት የመዘምራን ወጣቶች ወጡ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ።

ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ዓይኑን ኦቶና ታክሞ የሚመለስ ነው፤ ግራ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ሁለቱ ሊያስታምሙት አብረውት የከረሙ ወንድሙና ጎረቤቱ ናቸው። ባለቤቴ ወርዶ ከወጣቶቹ ጋር እየደገፈ አወጣቸው። ባለ ፋሻው ከአጠገቤ ተቀመጠና ወዲያው ጠየቀኝ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

የአባቴን ስም ነገርኩት።

«ኧረ! የዚያ የችኮው ሰውዬ?» አለ። ሰፈሩ ከአባቴ ሰፈር ሁለት ጉብታ ወዲያ ነው፤ በዝና ያውቀዋል። «አባትሽ አንድ ጊዜ ከበሬው ጋር ተጣልቶ፣ ይቅርታ የጠየቀው በሬው ነው ይባላል።»

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ሳቁ ሲያልቅም ነገሩን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኩት። ለምን እንደምንሄድ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ እንደተመለሰ፣ ማዘጋጃ ቤት እንደፈረምን፣ ከአንድ ሳህን አልበላም እንዳለ። ለማላውቀው ሰው እንደዚያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዛሬስ ቢያባርራችሁ?» አለኝ።

«ለዚህ ነው መኪና ያመጣነው። አዙረን እንመለሳለን።»

በአንድ ዓይኑ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና «ብልህ ነሽ» አለ። «ግን አሥር ሰው፣ ሁለት ዶሮና አንድ ከበሮ ጭናችሁ እንዴት ልትሸሹ ነው?»

እውነቱን ነበር። መሸሻዬ ሞልቷል። ከጋቢናው ኋላ ያለውን መስታወት አንኳኳሁ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ከተጋባን ጀምሮ መኪና እየነዳ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ገሱባን ካለፍን በኋላ ዝናብ ያዘን። አንድ ዳገት ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሲቀሩ ሁሉም ወርዶ ገፋ፤ እኔም ጥሩ ቀሚሴን ሰብስቤ ገፋሁ። መኪናዋ ስትወጣ ያወጣችውን ጭቃ ሁሉ በእኔ ላይ ረጨችው። ከዚያ መኪና ላይ ስንመለስ ባለ ፋሻው ሽማግሌ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። የለበሰው ቀጭን ነጠላ ረጥቧል። ፋሻው እንዳይርስ በእጁ ሸፍኗል። ለአባቴ የገዛሁት ጋቢ በላስቲኩ ውስጥ ደረቅ ነው። ትንሽ አመነታሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ፈታሁትና አለበስኩት፤ ከራሱ ጀምሮ ሸፈነው። ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ፣ ያ ደካማ ሰው በአዲሱ ነጭ ጋቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንደ ባላባት ተቀምጦ ነበር።

የመኪና መንገዱ የሚያልቀው አባቴ ደጅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጅረት አለ፤ የሚሻገሩት በእንጨት ድልድይ በእግር ነው። ስለዚህ የቀረው ሰው ሁሉ የሚወርደው እዚያው ነበር።

አባቴ መስኩ ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ያየው ከመኪናዋ ኋላ በወጣቶች ተደግፈው የሚወርዱትን ሦስት ሽማግሌዎች ነው። በትራቸውን ተመርኩዘው ጎን ለጎን ቆሙ። መሀል ያለው አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ከኋላቸው የቀረው ሕዝብ እግሩን እያፍታታ ቆመ፤ ሁሉም ደክሞት ዝም ብሏል። ከሁሉም ኋላ ጭቃ የለበስኩት እኔ አለሁ።

አባቴ ተነሣ። መጥቶ በወላይትኛ አክብሮ ሰላም አላቸው። በርጩማ እንዲመጣ አዘዘና «ተቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም። እንደገና ለመናቸው። እንዳሉ ቆሙ።

በእኛ አገር ለዕርቅ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም። ጊፋታ ሳይገባ ደግሞ የተጣላ ሁሉ መታረቅ አለበት፤ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት የሚሻገር ሰው አይወደድም። በዚያ ሰሞን ነጭ ለብሰው በየደጁ የሚቆሙ ሽማግሌዎችን ማየት የተለመደ ነው። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ምን እንዳሰበ ገባኝ።

«ሦስተኛ ጊዜ ነው» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው በመኪና ጭኖ ላካችሁ?»

ባለ ፋሻው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ዝም እንዲል በልቤ ለመንኩት። ዝም ቢል አባቴ እንደ ሽማግሌ ይሰማዋል፤ ምናልባት በዚያው እሺ ይል ይሆናል። አንዲት ቃል ሳንዋሽ፣ ዝም በማለት ብቻ።

«አንተ ሰው» አለው አባቴን፣ «ማንም አልላከንም።»

የመኪናዋን ጎን ያዝኩ።

«ምን?» አለ አባቴ።

«እኔ ዓይኔን ታክሜ የምመለስ በሽተኛ ነኝ። ይህ ልጅ መንገድ ላይ አገኘን። ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን አትቀመጡም?»

«ጉልበታችን አልታጠፍ ብሎ ነው። የገሱባን መንገድ አታውቀውም?»

ከበሮ የያዘው ወጣት ሳቁ አመለጠው። አባቴ አልሳቀም። የተታለለ ሰው ዓይነት ፊት ነበረው፤ ያታለለው ግን የለም። ዞሮ ወደ ዋንዛው ሊመለስ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ቆይ» አለ ሽማግሌው። «አልተላክንም አልኩ እንጂ አንናገርም አላልኩም። ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁለት አውቶቡስ አለፈን። አራት የጭነት መኪና አለፈን። አንዱ ይህን ፋሻ አይቶ ክላክስ ነፍቶብኝ ነው ያለፈው። የቆመ ይህ ብቻ ነው። ማን ናችሁ፣ የት ናችሁ ሳይል ወርዶ ደግፎ አወጣኝ። ለእናንተ ሾፌር ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዛሬ ያየሁት ይህን ነው፤ በቀረችኝ ዓይን።»

ጋቢና የነበረችው ሴትዮ ይህን ስትሰማ አልቻለችም። ዶሮዎቿን አንጠልጥላ ፊት መጣች። «እኔንስ? የገዛ ሚስቱን አስወርዶ ከኋላ ጭኖ እኔን ፊት አላስቀመጠኝም? ዶሮዬ ጫማው ላይ አበላሸችበት፤ ‘ለበዓል ነው’ ብሎ ሳቀ እንጂ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም!»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አላት አባቴ።

«ማንም! ሳልጠየቅ ነው የምናገረው!»

ከዚያ በኋላ ሁሉም መናገር ጀመረ። ባለ ቆርቆሮው ቆርቆሮው እንዳይታጠፍበት እንዴት አድርጎ እንዳሰረለት ተናገረ። ወጣቶቹ ከዳገቱ ሲወጡ እንዴት እንዳመሰገናቸው ተናገሩ። አባቴ በመሀላቸው ቆሞ አንዱን ከሌላው እያየ ያዳምጣል። እኔ አባቴ በሕይወቱ ይህን ያህል ሳይመልስ ሲሰማ አላየሁም።

ሁሉም ሲጨርሱ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

«የተላከ ሽማግሌ የሚናገረው የላከውን ሰው ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ጊዜ የመጡት እንደዚያ ነበሩ፤ መለስኳቸው። ያልተላከን ሰው ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የት አለ?»

ባለቤቴ ከመኪናው አልወረደም ነበር። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። በኋላ እንደነገረኝ ሞተሩን ቢያጠፋም ቁልፉን አልነቀለውም፤ እኔ ፊቴን ዞር ባደርግለት አስነሥቶ ሊወስደኝ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴ መስኩን አቋርጦ ሄደ። የመኪና በር እንዴት እንደሚከፈት ስለማያውቅ በመዳፉ መታው። ባለቤቴ ከውስጥ ከፈተ።

«ውረድ» አለው።

ወረደ።

«ጫማህ ጭቃ ነው።»

«አዎ አባባ።»

«የእኔም ጭቃ ነው። ግባ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ስታይ ነበር። የእሷ እልልታ እስከ ጅረቱ ማዶ ተሰማ። ወጣቶቹ ከበሮውን አነሡ። «ዮዮ ጊፋታ!» እያሉ መስኩን ሞሉት፤ ከማዶ ያሉት ቤቶችም መለሱላቸው። ያ ጭቃ የለበሰ ሕዝብ አንዱም ሳይቀር ገባ። ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ አልመች ቢላቸው ሣር ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸው እግራቸውን ዘረጉ። እናቴ ሙቹዋ አቀረበች፤ ከቆጮ የሚሠራ፣ ቅቤ የጠገበ የጊፋታ ምግብ ነው። አባቴ ትልቁን ሳህን ከፊቱ አስቀመጠ። ባለቤቴን በግራው አስቀመጠው። መጀመሪያ ራሱ ቆረሰና በላ። ከዚያ ሳህኑን በሁለታቸው መካከል ገፋው።

«ብላ» አለው። «ይቀዘቅዛል።»

ባለቤቴ በላ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ስንት ጊዜ እንደቆረሰ እያየሁ ነበር። ሦስተኛው ላይ ማየት አቃተኝ፤ እንባዬ ሸፈነኝ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝና «ጭቃሽን ታጠቢ፣ እብድ ትመስያለሽ» አለችኝ።

አባቴ በልቶ ከጠገበ በኋላ ባለ ፋሻውን ሽማግሌ ተመለከተ። «ጋቢህ ያምራል» አለው።

ሽማግሌው ከትከት ብሎ ሳቀ። ጋቢውን ከላዩ ላይ ገፎ ተነሣና አባቴ ትከሻ ላይ ጣለው። «ያንተ ነው። ልጅህ ነች የገዛችልህ። እኔ አሙቄልህ መጣሁ።»

ያን ጊዜ አባቴ ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነበር።

ሦስት ቀን ሰነበትን። ሶዶ ስንመለስ ሐጂ ፒካፑን ዞሮ ዞሮ አየ። ጭቃውን፣ የዶሮ ላባውን፣ ቆርቆሮው የፋቀውን ቀለም አየ። «ይህች መኪና ሠርግ ነው ጦርነት ነው የሄደችው?» አለ።

«ሁለቱንም» አለው ባለቤቴ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ አባቴ በአውቶቡስ ሶዶ መጥቶ በቤታችን በላ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። ባለቤቴ እርሻ እንደማያውቅ ይሳለቅበታል፤ ባለቤቴም አባቴ የመኪና በር መክፈት እስኪለምድ ስንት ዓመት እንደፈጀ ይነግረዋል። እናቴ ስትሞት አባቴን ከመቃብሩ ደግፎ የመለሰው ባለቤቴ ነው።

በእኔና በባለቤቴ መካከል ግን ማን ልክ ነበር የሚለው ሳይፈታ ቀረ። እኔ «በአውቶቡስ ሄደን ቢሆን ሁለት ሰው ሆነን ነበር የምንደርሰው፤ ያሸነፈችው መኪናዋ ናት» እለዋለሁ። እሱ «መኪናዋ ምን አደረገች? ያሸነፉት ሰዎቹ ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ስድሳ አሉ» ይለኛል። በኋላ የራሳችንን አሮጌ መኪና ገዛን፤ ወደ ገሱባ በሄድን ቁጥር እንደዚያን ቀን ሞልተን ነበር የምንሄደው። ልጆቻችን በሰው ጭን ላይ ተቀምጠው ነው ወደ አያታቸው የሄዱት። ክርክሩን ለማሸነፍ አልፈለግንም መሰለኝ። ዓመት ጠብቀን እንደገና የምናነሣው ነገር መኖሩ ደስ ይለን ነበር።

ባለቤቴን በቀበርንበት ቀን አባቴ ከሁሉም በፊት ደረሰ። ሰማንያ ሊሞላው ነው። መቃብሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ስለ ሟቹ እንዲናገሩ ሲጠየቁ ሳይጠሩት ተነሣ። «ይህ ሰው አማቼ ነው» አለ። «አምስት ዓመት ከእኔ ጋር እንዳይበላ አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን አላነሣብኝም። ያን አምስት ዓመት ማን ይመልስልኛል?» ሌላ አልተናገረም። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት፣ ያ ችኮ ሰውዬ ለሾፌሩ መሰከረለት። በኀዘኔ መሀል ልቤ ቀና አለ። ዛሬም ይህን ስጽፍ ቀና ይላል።

ጊፋታ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። እኔ አልሄድኩም። አባቴም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። «ማሳውን ወንድሞችሽ ያዩታል» አለና ቀረ።

አሁን አባቴ ከእኔ ጋር ይኖራል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን እየቆረስኩ አበላዋለሁ፤ ከዚያ እኔም ከዚያው ሳህን እበላና ሁለተኛ ክፍልን ላስተምር እሄዳለሁ።